ኪሎ ሜትሩ የሞላ የአይሱዙ ሞተር ከመውረዱ በፊት

ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ጋራዥ ለገባ አሮጌ አይሱዙ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ሄዷል?» ነው። 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ማለፉ ከተነገረና ትንሽ ጭስ ከታየ ፍርዱ እዚያው ይሰጣል፤ «ሞተሩ ይውረድ» ይባላል። ባለንብረቱ ተበድሮ ካሚቻ (ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር እጅጌ)፣ ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ብሮንዚና (ኮሎ የተባለው የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚሽከረከርበት መቀመጫ) ይገዛል፤ መኪናው ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ሞተሩ ከተፈታ በኋላ ግን ደጋግመን የምናየው ገና ብዙ የሚሠራ ካሚቻ፣ ከጎኑ ደግሞ አንድ የተቃጠለ ቫልቭ ወይም አንድ የሚያንጠባጥብ ኖዝል (ናፍጣ መርጫ) ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለኤን ፒ አር (የአይሱዙ የጭነት መኪና) ባለቤቶች፣ ሹፌሮችና ለጀማሪ መካኒኮች ነው። የምንናገረው ሜካኒካል የናፍጣ ፓምፕ ስላላቸው 4ኤች ኤፍ 1 እና 4ኤች ጂ 1 ሞተሮች ነው። ኮመን ሬል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቧንቧ ይዞ ለኖዝሎቹ የሚያከፋፍል አሠራር) ባለው 4ኤች ኬ 1 ላይ የማይሞከረውን በቦታው እናነሳዋለን።

ቆጣሪ ሞተሩ ምን ያህል እንደተበላ አይናገርም። ሁለት መኪኖች እኩል ኪሎ ሜትር ሄደው አንዱ በአስፋልት በባቲና በሚሌ በኩል ጂቡቲ ሲመላለስ፣ ሌላው በጠጠር መንገድ አሸዋና ድንጋይ ሲጭን ከርሞ ከሆነ የሁለቱ ካሚቻ አይገናኝም። ቆጣሪው ራሱ ተበጥሶ የሚሄድ መኪናም ሞልቷል። በትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ የሚገጠመው ላይኮሚንግ ኦ-360 ሞተር እንኳ አምራቹ 2,000 የበረራ ሰዓት ወይም 12 ዓመት የእድሳት ጊዜ ቢያስቀምጥለትም፣ የሞተሩ ጤና የሚታወቀው በሰዓቱ ብቻ አይደለም። ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ የታመቀ አየር የመያዝ አቅሙ) በየጊዜው ይለካል፤ የዘይት ፊልትሮው ተቆርጦ ይታያል፤ በካንዴላ ቀዳዳ ቀጭን ካሜራ ገብቶ ቫልቮቹ ይመረመራሉ። ሦስቱም ነገሮች በአይሱዙ ላይ ይሠራሉ፤ ዋጋቸውም ከአንድ ፒስተን ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

በእኛ አካባቢ ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከከፍታው ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የአየሩ ግፊት ኮምቦልቻ ላይ የባሕር ወለሉን 80 በመቶ፣ ደሴ ላይ 74 በመቶ ያህል ነው። ፒስተኑ የሚያምቀው የሳበውን አየር ብቻ ስለሆነ የኮምፕሬሽን ንባቡም በዚያው ልክ ይወርዳል። ለምሳሌ የጥገና መጽሐፉ ለአዲስ ሞተር 28 ባር ቢል፣ ምንም ያልተበላ ሞተር ኮምቦልቻ ላይ 22.4፣ ደሴ ላይ 20.7 ያሳያል። ይህን ያላሰላ ሰው ጤነኛውን ሞተር «ኮምፕሬሽን የለውም» ብሎ ያስወርዳል። መጽሐፉ ዝቅተኛ ብሎ ያስቀመጠውን ወሰንም ቢሆን ኮምቦልቻ ላይ በ0.80፣ ደሴ ላይ በ0.74 አባዝታችሁ ነው የምታመሳክሩት። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። አራቱም ተቀራርበው ዝቅ ካሉ ሞተሩ እኩል እያረጀ ነው፤ ገና ጊዜ ይሰጣል። ሦስቱ 20 አካባቢ ሆነው አንዱ 15 ካነበበ ግን ሞተሩን በሙሉ አትውቀሱ፤ ያንን አንዱን ሲሊንደር ፈልጉት።

አለካኩ ላይ ከተሳሳታችሁ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ሞተሩ ሥራ ላይ ውሎ የሞቀ ይሁን፤ ውሃው 75 እስከ 80 ዲግሪ መድረስ አለበት። ባትሪዎቹ ሁለቱም የተሞሉ ይሁኑ፤ ሞተሪኖው ደክሞ በዝግታ ካዞረ ንባቡ ይወርዳል። የናፍጣ ማቋረጫው ዘግቶ ይቆይ፤ የአየር ፊልትሮው ይውጣ። አራቱም ካንዴሌታዎች (የናፍጣ ሞተር ማሞቂያዎች) ወጥተው የኮምፕሬሽን ጌጁ በቀዳዳቸው በየተራ ይታሰር። ከአምስት እስከ ሰባት ሴኮንድ አዙሩና ከፍተኛውን ቁጥር ጻፉ፤ በየሲሊንደሩ ሁለት ጊዜ ድገሙት። የመጀመሪያው ምት ዝቅ ብሎ በየምቱ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ጣታችሁን ወደ ፋሻው ቀስሩ፤ ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ እዚያው የሚቆም ከሆነ ቫልቭ መሆኑ ይበዛል።

ከመለካታችሁ በፊት ግን ቫልቩን አስተካክሉ። ይህን ቅደም ተከተል የሚዘል ብዙ ነው። የቫልቭ መቀመጫ እየሰመጠ በሄደ ቁጥር በሮከሩ (ቫልቩን በሚገፋው ክንድ) እና በቫልቩ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል፤ በመጨረሻ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ኮምፕሬሽን ያመልጣል፤ ትኩሱ ጋዝ በስንጥቁ ሲወጣ የማስወጫ ቫልቩን ጠርዝ ይበላዋል። ጥብቅ ቫልቭ ድምፅ ስለማያሰማ ሹፌሩ አያውቀውም፤ የሚንቋቋው ይሻላል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ለመሳቢያውም ለማስወጫውም ቫልቭ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው። የእሳቱ ተራ 1-3-4-2 ነው። አንደኛውን ፒስተን በኮምፕሬሽን ጫፍ ላይ አቁሙና የአንደኛውን ሁለቱንም፣ የሁለተኛውን መሳቢያ፣ የሦስተኛውን ማስወጫ አስተካክሉ። ኮሎውን አንድ ሙሉ ዙር አዙሩና የሁለተኛውን ማስወጫ፣ የሦስተኛውን መሳቢያ፣ የአራተኛውን ሁለቱንም አስተካክሉ። ፊለር ጌጁ (ክፍተት የሚለካው ስስ ብረት) ትንሽ እየያዘ መውጣት አለበት። ዳዶውን ካጠበቃችሁ በኋላ ደግማችሁ ለኩ፤ ማጥበቁ ራሱ ክፍተቱን ይቀይረዋል። ከዚህ ሥራ በኋላ ብቻ ተለክቶ ኮምፕሬሽኑ የተመለሰ ሞተር ስንት ነው! ሥራው ግማሽ ቀን አይሞላም። በየጊዜው የምታስተካክሉትን ቁጥርም ጻፉት፤ አንድ ቫልቭ በየዙሩ እየጠበበ ከመጣ ያ መቀመጫ እየሰመጠ ነውና ቴስታታውን (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን ራስ) ብቻ የማውረጃውን ቀን መተንበይ ትችላላችሁ።

ኮምፕሬሽኑ ከዚህም በኋላ የወረደውን ሲሊንደር ለመለየት ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት አንጠባጥቦ ደግሞ መለካት የተለመደ ነው። በናፍጣ ሞተር ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከፒስተኑ በላይ ያለው ቦታ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በላይ ካስገባችሁ ዘይቱ ራሱ ቦታውን ሞልቶ ውሸት ቁጥር ያሳያል፤ ሲበዛም ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) ያጣምማል። የተሻለው መንገድ አየር መሙላት ነው። ፒስተኑን በኮምፕሬሽን ጫፍ ላይ አቁማችሁ፣ መኪናውን በማርሽ አስራችሁ፣ በካንዴሌታው ቀዳዳ ከኮምፕሬሰር አየር ልቀቁበት፤ ከዚያ አዳምጡ። በዘይት መሙያው ከተነፈሰ ፋሻ ወይም ካሚቻ ነው። በማርሚታው በኩል ከሰማችሁት ማስወጫ ቫልቭ፣ በአየር ፊልትሮው በኩል ከሆነ መሳቢያ ቫልቭ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከወጣ ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው። ከፋሻው በኩል ትንሽ ማምለጡ በአዲስ ሞተርም አለ፤ በቫልቭ በኩል ግን ምንም መሰማት የለበትም። ኖዝሉ ሲወጣ ደግሞ ከስልክ ጋር የሚገናኘውን ቀጭን ካሜራ በዚያ ቀዳዳ አስገቡ። የካሚቻው የሆን መስመሮች (ሲሠራ የተፋቀበት ጥልፍልፍ ጭረት) ገና ከታዩ ካሚቻው በሕይወት አለ። ወደ ታች የተጫረ ጥልቅ መስመር፣ የቀለጠ የፒስተን ጠርዝ ወይም በአንድ በኩል ብቻ ነጥቶ የጠራ ቫልቭ ካያችሁ ችግሩን በዓይናችሁ አገኛችሁት ማለት ነው።

ብዙ ሞተር የሚወርደው «ትንፋሽ አለው»፣ ማለትም ጋዝ ወደ ሞተሩ ሆድ ያልፋል፣ ተብሎ ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ጢሱን ያያሉ፤ ክዳኑ ከተንቀጠቀጠ ፍርዱ ያልቃል። ትንፋሽ እውነተኛ ምልክት ነው፤ ግን ከሌላ ቦታም ይመጣል። መጀመሪያ የመተንፈሻውን ቱቦ አውጥታችሁ እጠቡ፤ በጭቃና በዘይት ዝቃጭ የተደፈነ ቱቦ ጤነኛውን ሞተር ያስተነፍሰዋል፤ ዘይትም በኮሎ ሲል በኩል ይገፋል። ቀጥሎ የቫኪዩም ፓምፑን ተመልከቱ። ኤን ፒ አር ላይ ከዲናሞው ጀርባ ያለው ይህ ፓምፕ ከፍሬን ቡስተሩ (ፔዳሉን ከሚያግዘው ክፍል) የሳበውን አየር ከዘይቱ ጋር የሚያስወጣው ወደ ሞተሩ ሆድ ነው። የቡስተሩ ላስቲክ ከተቀደደ ወይም የቫኪዩም ቱቦው ካፈሰሰ ፓምፑ ያለማቋረጥ አየር ወደ ሞተሩ ይነፋል፤ ክዳኑን የሚያስጨፍረውም እሱ ነው። ለመለየት መኪናውን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አቁሙና ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አድርጉ፤ በዚያ ሰዓት ፍሬኑ እርዳታ የለውምና። ከዚያ ቱቦውን ፓምፑ አጠገብ ነቅላችሁ የፓምፑን አፍ ድፈኑት። ትንፋሹ ወዲያው ከቀነሰ ሞተሩ ንጹሕ ነው፤ የሚጠገነው ፍሬኑ ነው፤ እሱም በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ባለው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ከሞተሩ የበለጠ አስቸኳይ ነው። በአየር ፍሬን በሚሠሩት ትላልቅ አይሱዙዎች ደግሞ ያረጀ የአየር ኮምፕሬሰር ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል፤ የአየር ታንኩን ስታፈሱ ዘይት ከወጣ ጠርጥሩት።

ስለ ጭስ የሚባለው ሁሉ ከቤንዚን መኪና የተቀዳ ስለሆነ ብዙ ያሳስታል። ናፍጣ ሞተር ሲሳብ እንደ ቤንዚን ትሮትል (የአየር መግቢያ በር) ስለማይዘጋበት፣ በቁልቁለት ተለቆ ሲነካ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ሲል ማረጋገጫ አይሆንም። ለእኛ የሚጠቅመው ጭነት ይዞ ሐረጎን ሲወጣ ማየት ነው። ያለማቋረጥ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት በፋሻ በኩል እየወጣ ነው። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ወጥቶ ከጠፋ ሌሊቱን በቫልቭ ጋይድ (ቫልቩ በሚመላለስበት ቱቦ) የወረደ ዘይት ነው፤ በእሱ ብቻ ሞተር አይወርድም። ጠዋት ነጭ ሆኖ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ የደሴ ብርድ፣ የሞተ ካንዴሌታ ወይም የዘገየ ታይሚንግ (ናፍጣው የሚረጭበት ጊዜ) ያመጣዋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ሆኖ የሚቀጥልና ውሃ የሚያጎድል ከሆነ ጓርኒሲዮኑን ፈትሹ።

ጥቁር ጭስ ለብቻው ይነገር፤ እዚህ አካባቢ ሞተር የሚገድለው እሱ ነውና። ከፍታው አየሩን በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ፓምፑ ግን ለባሕር ወለል የተለካውን ናፍጣ መስጠቱን ይቀጥላል። መኪናው አቀበት ሲያቅተው ሹፌሩ የናፍጣውን መጠን የሚወስነውን የፓምፑን ብሎን ያስከፍታል። ጉልበት የሚጨምር ይመስላል፤ የሚጨምረው ግን ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው። ትርፉ ናፍጣ የካሚቻውን ዘይት ያጥባል፤ ፋሻውን በካርቦን ያጣብቃል፤ ዘይቱን ያቀጥናል፤ የፒስተኑን ራስ ያነዳል። በቴስት ቤንች (የፓምፕ መፈተሻ ማሽን) ላይ ለከፍታችን የሚመጥን ልክ አስይዙት፤ ብሎኑንም በእርሳስ አሽጉት። አቀበቱን በዝቅተኛ ማርሽ ማውጣት ከማንኛውም ብሎን ይበልጣል። በከፍተኛ ማርሽ እያጓራ የሚወጣ ሞተር ብሮንዚናውን ይቀጠቅጠዋል።

የተበላሸውን ኖዝል ለመለየት ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የየኖዝሉን ቧንቧ ዳዶ አንድ በአንድ ላላ አድርጉ። ድምፁ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ድሮም እየሠራ አልነበረም። ይህ ግን በኮመን ሬል ሞተር ላይ ፈጽሞ አይሞከርም፤ እዚያ ያለው ግፊት ቆዳ በስቶ ናፍጣ ሰውነት ውስጥ ያስገባል። ኖዝሎቹን ስትመልሱ የመዳብ ሮንዴላውን በአዲስ ቀይሩ። አሮጌውን ከሥር ረስቶ አዲስ መደረብ የተለመደ ስህተት ነው፤ የኖዝሉ ጫፍ ከፍ ስለሚል ናፍጣው ከፒስተኑ ጎድጓዳ ውጭ ይረጫል።

ስለ ውሃ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሳይሞላ ነው። ቴርሞስታቱ የሚከፈተው 82 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ መካከሉ አሥር ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው። ከመፍላት የሚጠብቀን የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ 0.9 የሚል የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን መፍላቱን ደሴ ላይ ወደ 113 ዲግሪ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ካለ ቴስታታ ማቃጠሉ ሐረጎ አናት ላይ አይቀርም። ክዳኑ በርካሽ ይገኛል፤ ቴስታታው ግን አይገኝም። ከቴርሞስታት ጋር አትጣሉ፤ አውጥቶ መጣሉ ሞተሩን ቀዝቃዛ ያደርገዋል፤ ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ካሚቻውን ይበላል። የጉድጓድ ውሃም በራዲያተሩና በቴስታታው ውስጥ ድንጋይ ስለሚያበቅል ንጹሕ ውሃ ከኩላንት ጋር እኩል ቀላቅሉ።

ለአሮጌ ሞተር ከሁሉ የሚበልጠው መረጃ ያለው ዘይቱ ውስጥ ነው። 15ደብሊው-40 የናፍጣ ሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ። ረዳቱ ዘይት በጨመረ ቁጥር ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና መጠኑን ደብተር ላይ ይጻፍ። በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር የሚጠጣና ዓመቱን ሙሉ በዚያው የጸና ሞተር ሊሠራ ይችላል፤ ግማሽ ሊትር ይጠጣ የነበረው በሁለት ወር ውስጥ አንድ ከገባ ግን አንድ ነገር ተሰብሯል። ዘይቱ ሳይጨመር ከፍ ካለ ደስ አይበላችሁ፤ ናፍጣ ወይም ውሃ ገብቶበታል። በመለኪያው ዘንግ ላይ ያለውን አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ጣሉና አንድ ሌሊት አቆዩት። ጥቁሩ መሐል ላይ እንደ ሬንጅ ከተቆለለ ዘይቱ ቆሻሻ መሸከም አቁሟል፤ በዙሪያው ሰፊ ፈዛዛ ቀለበት ከወጣ ናፍጣ አለበት። ትኩስ ብረት ላይ ጠብታው ከተንጣጣ ውሃ ነው።

ፊልትሮውን ከመጣላችሁ በፊት ቁረጡት። በመጋዝ አይደለም፤ የመጋዝ ብናኝ ውስጡ ገብቶ ያስደነግጣችኋል። በቆርቆሮ መቁረጫ ጫፉን ክፈቱና ወረቀቱን ዘርጋችሁ በንጹሕ ናፍጣ አለቅልቁት፤ ማግኔት አስጠጉበት። ጣት ላይ የማይሰማ ግራጫ ደቃቅ የተለመደ ነው። ማግኔት የሚይዘው ስለታማ ስብርባሪ ፋሻ ወይም ጥርስ ነው። ማግኔት የማይዘው ለስላሳ ብርማ ቅርፊት ብሮንዚና ወይም ፒስተን ነው፤ ወርቃማው የቢየላ ቡሽ ነው። ብሮንዚና ካገኛችሁ በመብራቱ አትተማመኑ፤ የዘይት መብራት የሚበራው ግፊቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ነው። ባለመርፌ ጌጅ አሰሩና ሞተሩ በደንብ ሞቆ ለኩ። በ1,000 ዙር 0.7 ባር ያህል የሚለው ልማድ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከዚያ በታች ከወረደና ብናኝም ካለ መኪናውን እንዳታስነሱት። ኮሎው ሳይነካ ብሮንዚና ብቻ መቀየር እና ኮሎውን በማሽን አስፍቆ መቀየር በዋጋ የትና የት ናቸው።

የአየር ፊልትሮውን ጎማ ላይ እያጋጩ ማራገፍ ይቁም። ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከ2 ባር በማይበልጥ አየር፣ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ይነፋ፤ ከዚያ አምፖል ውስጡ አብርታችሁ ቀዳዳ ፈልጉ። ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለውን የጎማ ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። አቧራ ከወጣ ማሰሪያው ላልቷል ወይም ቱቦው ተሰንጥቋል፤ ካሚቻውን የሚፈጨው እሱ ነው።

ሞተሩ የሚወርደው ታዲያ መቼ ነው? ፊልትሮው ውስጥ ብሮንዚና ወይም የፋሻ ስብርባሪ ሲገኝ፣ የሞቀ ሞተር የዘይት ግፊት ሲወርድ፣ አየር ስትሞሉ ከሁለት ሲሊንደር በላይ በዘይት መሙያው ሲያስተነፍስ፣ ወይም ደሴ ላይ ጠዋት ጤነኛ ካንዴሌታና ባትሪ እያለው አልነሳም ሲል። በኢተር (ሞተር ለማስነሳት በአየር መግቢያው በሚረጭ ተቀጣጣይ ፈሳሽ) ማስነሳት እየለመደ የመጣ ሞተር ቀኑ ቀርቧል፤ ኢተሩ ራሱ ከካንዴሌታ ጋር ሲገናኝ ፋሻና የፒስተን ጉድባ ይሰብራል።

ሲወርድ ፋሻ ብቻ ቀይሮ መመለስ ብዙ ሰው የሚያከስር ሥራ ነው። ካሚቻው አናት ላይ ጥፍር የሚይዝ እርከን ካለ አዲሱ የላይኛው ፋሻ ከእሱ ጋር ተጋጭቶ ይሰበራል። እርከን ባይኖርም እንደ መስታወት በለሰለሰ ካሚቻ ላይ ሆን ካልተደረገ አዲስ ፋሻ አይቀመጥም፤ ዘይት እንደጠጣ ይቀራል። የዘይት ማቀዝቀዣውንና ቧንቧዎቹን ሳታጥቡ አትግጠሙ፤ የድሮው ብረት ብናኝ አዲሱን ብሮንዚና በመጀመሪያው ቀን ይጨርሰዋል። ተገጥሞ ሲያልቅ ናፍጣውን ዝጉና የዘይት ጌጁ እስኪነሳ በሞተሪኖ ብቻ አዙሩት፤ ሞተሪኖውን እያሳረፋችሁ። ከተነሳ በኋላ ለሰዓታት በዝግታ አታስቀምጡት፤ ፋሻ የሚቀመጠው በሥራ ነው። ቀለል ያለ ጭነት ይዞ ኮምቦልቻና ደሴ ይመላለስ፤ 1,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየር፤ ያም ፊልትሮ ይቆረጥ፤ ቫልቩም ቀዝቅዞ እንደገና 0.40 ላይ ይስተካከል።